አጎቴ መጻፍ የለመዱ ሰሞን

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከሥራ መልስ በሰፈራችን ማትናስ፣ በሕዝብ ማዕከሉ፣ ከሦስት ሽማግሌዎችና ከአንዲት እመጫት ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ፤ የዕብራይስጡን ፊደል ከዚያ ቀጥዬ ለመድኩ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ይህን ካላወቃችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም። በልጅነቱ ማንበብ የቻለ ሰው ጽሑፍን ይጠራጠራል፣ ብዙ ውሸት ተጽፎ አይቷል። እኔ ግን የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። የሰው ድምፅ ይዋሻል፣ ፊቱም ይዋሻል፤ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፣ አሥር ጊዜ ብታየው አሥር ጊዜ ያው ነው እል ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ሥራዬ በርበሬ ነው። እስራኤል አገር፣ ረሆቦት፣ ከከተማው ዳር፣ መካኒኮችና አልሙኒየም ቆራጮች ባሉበት በኩል፣ መጋዘን ተከራይቼ ዛላ በርበሬ ከጎንደር አስመጣለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ሣጥን ተሸክሜአለሁ፤ መጀመሪያ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት፣ ቀጥሎ የመድኃኒት መጋዘን። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «አንተ ምን ታስባለህ?» ያለኝ አለቃ የለም። ስለዚህ የራሴን በር በራሴ ቁልፍ የከፈትኩ ቀን፣ ከእንግዲህ ማንም ሳይጠይቀኝ አይወስንልኝም ብዬ ማልኩ። ማን እንደሚወስንልኝ ያኔ አላወቅሁም።

ዛላውን ጎንደር ላይ የሚገዙልኝ የእናቴ ወንድም ነበሩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። እኔ ወጣት ሳለሁ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንነሳ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ ጎንደር ተቀምጠው ወደ እስራኤል የመምጫ ወረፋ ሲጠብቁ አረጁ። በርበሬ መግዛት ያውቁ ነበር ስል እንዲያው በአፌ አይደለም። ዛላውን አንስተው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል፤ ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ከዚያ በጥፍራቸው ሰንጥቀው ሆዱን ያያሉ። ከአንድ ጆንያ አንድ ዛላ ሆዱ ጠቁሮ ካገኙ ጆንያውን እንዳለ ይመልሱታል። ነጋዴው ሲቆጣ፣ «መልኩን ለሚያይ ሽጥለት፣ እኔ የምገዛው ሆዱን ነው» ይሉታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው እጅ ያለፈ በርበሬ ወደብ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ተይዞ አያውቅም። ሥራችንም ሁሉ በቃል ነበር። ጎህ ሲቀድ ይደውላሉ፣ ድምፃቸው በእግሩ ባሕር የሚሻገር ይመስል ይጮኻሉ፣ ይህን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን ተጫነ ይላሉ። አለቀ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። በሙቀቱ ወራት ጦርነት ሆነ። ሲረን ሲጮህ ማሽኑን አጥፍተን መጠለያ እንገባለን፣ ወጥተን ስናበራው የሚገዛ የለም። ሄርዝል ጎዳና ላይ ዕቃዬን የሚወስዱት ትናንሽ ሱቆች ግማሹ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ፣ ግማሹ «ከሦስት ወር በኋላ እከፍልሃለሁ» አለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዶላሩ ሽቅብ መውጣት ጀመረ፤ እኔ ዕቃ የምገዛው በዶላር፣ የምሸጠው በሸቀል ነው። ልጄ ያኔ ከጦር ሠራዊት ተመልሳ ሒሳብ አያያዝ ትማር ነበር። ከሰዓት ከሰዓት መጋዘኑ ትመጣለች። አንድ ቀን ኮምፒውተሯን ወደኔ አዞረችና፣

«አባ፣ ተቆጣህም አልተቆጣህም እነግርሃለሁ። በዚህ አያያዝ እስከ ታኅሣሥ፣ እስከ ሐኑካ በዓል እንዘጋለን» አለችኝ።

«ማነው ያለው? እሱ ሣጥን ነው?»

«ሣጥኑ አይደለም፣ አንተ ነህ ያልከው። ቁጥሩን የነገርከኝ አንተ ነህ። እኔ ጻፍኩት፣ ዘሁ፣ በቃ።»

መውጫው አንድ ነበር። በየከተማው ሱቅ ያለው አንድ ትልቅ ድርጅት በርበሬዬን ቀምሶ ወዶታል። ለሰግድ በዓል መደርደሪያ ሊያዘጋጅልን ፈልጎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለበዓሉ ሲገዛ የእኔ ጥቅል በሁሉም ሱቅ ይገኛል ማለት ነው። ነገር ግን ገዢው ቅድመ ሁኔታ አለው። ጥቅሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ መስመር መስመር ያለው መለያ ይለጠፍበት፣ ከማን እንደተገዛ፣ መቼ እንደተጫነ ሁሉ በጽሑፍና በፎቶ ይቅረብ አለ። ያን ያህል ዕቃ ለመግዛት ደግሞ ባንኩ መያዣ ፈለገ። መያዣ የሚሆን ያለኝ ኦሺዮት ሰፈር ያለው ቤታችን ብቻ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ማሽካንታ፣ የቤት ዕዳ፣ የከፈልኩበት። ባለቤቴ ስትፈርም ብዕሩን ይዛ ቆየች።

«ይሄ ጭነት ቢበላሽ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው?»

«አይበላሽም። የሚገዙት አባባ ናቸው።»

«እሳቸው ከሆኑስ» አለችና ፈረመች።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ጭነቱ በደህና ከመጣ እንድናለን፣ ካልመጣ ሜዳ ላይ ነን።

ልጄ ለመጋዘኑ ፕሮግራም ገዝታ ጫነች፣ መለያ የሚያትም ማሽን አመጣች፣ ለአጎቴም ዘመናዊ ስልክ በመንገደኛ ላክንላቸው። እኔ ደግሞ ደወልኩ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ በቃል አንሠራም፣ በጽሑፍ ነው።»

«በጽሑፍ? ምን በደልኩህ?»

«ምንም። ባንኩ ነው የጠየቀው።»

«ባንኩ በርበሬ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ አንተና እኔ የምናውቀውን፣ ለማያውቅ ሰው ብለን ልንጽፍ ነው?»

«የላክሁልዎ ስልክ የት አለ?»

«ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አቧራ እንዳይነካው።»

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። «እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ከተማርኩ እርስዎም ይችላሉ። አብሮዎት የሚሠራው ልጅዎ ያሳይዎት። በጽሑፍ ካልመጣልኝ የሚቀጥለውን ገንዘብ አልልክም» አልኳቸው። ያሳደገኝን ሰው። «እሺ ጌታው» ብለው ዘጉት።

ለሁለት ሳምንት ምንም አልመጣም። በሦስተኛው፣ ነሐሴ ሲያልቅ፣ ስልኬ ጮኸ፤ በአማርኛ ፊደል፣ ጥርት ያለ፦ «ልጄ ደህና ነህ ወይ። ዛሬ ስምንት ኩንታል ገዝተናል። ፎቶውን ተመልከት።» ሥሩ ፎቶ አለ፤ ደም የመሰለ ዛላ። ስልኩን ይዤ መጋዘኑን ዞርኩ። ጽሑፍን እንደኔ በስተኋላ ያገኘ ሰው ካልሆነ በስተቀር ያን ደስታ ማንም አያውቀውም። ልጄን ጠራኋት።

«አየሽ! አየሽ አባባን! በሰባ አምስት ዓመታቸው!»

ስልኩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወለሉን። «ቤሰደር፣ አባ። ጥሩ ነው» አለችና ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች። ወጣት ናት፣ የሽማግሌ ነገር አይደንቃትም አልኩ።

ከዚያ በኋላ መልእክቱ ሳያቋርጥ ይመጣ ጀመር። አጭር ነው፣ በሰዓቱ ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም፤ ወዲያው፣ «ልጄ ኔትወርኩ አስቸገረ። ጻፍልኝ» የሚል ይመጣል። ጎንደር ክረምት ነው፣ መስመር ይጠፋል፤ አመንኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከስልክ ጩኸት ተገላገልኩ አልኩ። ሻዓራይም ሰፈር ያለው ምኩራባችን ደጃፍ ላይ፣ ከጸሎት ወጥተን ስንቆም፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ስልኬን ከፍቼ አነብላቸው ነበር።

«ይኸው አጎቴ ይጽፋሉ! እናንተስ መቼ ነው የምትጀምሩት? እዚህ አገር ሃያ ዓመት ተቀምጣችሁ!»

አንዱ አሳለው። አንዱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ጫማውን አየ። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ዕቃህ መቼ ነው ከወደብ የሚወጣው?» አሉኝ። ማንበብ ባለመቻላቸው አፍረው ወሬ የቀየሩ መሰለኝ።

ባለቤቴም በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው ሆነች። በአስተስርዮ፣ በማስተሰረያው ጾም ቀን ያለ ልክ አለቀሰች። «ምን ያህል ብትበድዪ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። «አንተ ሰው፣ ዝም በል» አለችኝ።

ከዳስ በዓል በኋላ ዕቃው አሽዶድ ወደብ ገባ። በሁለተኛው ቀን ዕቃ የሚያስፈታልኝ ሰው ደወለ፤ አብሮኝ ለዓመታት የሠራ፣ ብዙ የማያወራ ሩሲያዊ ነው። «ና» አለኝ። «ምንድነው?» ስለው፣ «ና ብዬሃለሁ» ብሎ ዘጋው።

ጆንያዎቹ ጣሪያ ብቻ ያለው ቦታ ላይ ተደርድረዋል። የጤና ተቆጣጣሪው ናሙና ወስዶ ሄዷል። ገና ሳልጠጋ ሸተተኝ። በርበሬ ሲመጣ ያስነጥሳል፤ ይኼ የጓዳ እርጥበት ነው የሚሸተው። አንድ ዛላ አነሳሁ፣ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት። ዝም። ሰነጠቅሁት። ሆዱ ግራጫ ሻጋታ ነው፤ ጣቴ ላይ እንደ ዱቄት ቀረ። ሌላ ሰነጠቅሁ። ሌላ ጆንያ ከፈትኩ። ከላይ ያለው ዛላ መልካም ነው፣ ቀይ ነው፣ ፎቶው ላይ ያየሁት ነው። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ያወጣሁት ሁሉ ግን ጥቁር ነው። ስንት ጆንያ እንደከፈትኩ አላውቅም። ሰውዬው ክንዴን ያዘኝ።

«ተው። ይበቃል። ወይ ይቃጠላል ወይ ይመለሳል። ሁለቱም ከአንተ ኪስ ነው።»

ቤቴ ታየኝ። ባለቤቴ ብዕሩን ይዛ የቆየችው ታየኝ። ከዚያ አእምሮዬ ጨለመ። ስልኬን አወጣሁና ቆሜ ጻፍኩ። ቃሉን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ልረሳው ብፈልግም ስልኩ ውስጥ አለ፦

«አንተ ሽማግሌ! ዓይንህ ነው የጠፋው ወይስ ህሊናህ? ቤቴን በላኸው። ያሳደግህበትን በዚህ አስከፈልከኝ። ከዛሬ ጀምሮ አጎት የለኝም።»

አንተ ብዬ። በሕይወቴ አጎቴን አንተ ብያቸው አላውቅም። በሀገራችን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ለአሳዳጊው ቢናገር ምድር ትከፈት ይባላል። ላክሁት።

መልእክቱ እንደተነበበ ምልክቱ አሳየኝ። እየጻፈ ነው የሚለው መጣ፣ ጠፋ። መጣ፣ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ መስመር መጣ፦

«ጋሼ ይቅርታ አድርግልኝ።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ጋሼ? አጎቴ እኔን ጋሼ? ጋሼ የሚለው ታናሽ ነው ታላቁን። አጎቴ በሕይወታቸው ልጄ፣ አንተ ልጅ፣ ሲቆጡም አንተ ጅል እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም። በዚህ ዓለም ላይ በዚያ ቤት ውስጥ እኔን ጋሼ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእሳቸው ልጅ።

ደወልኩ። ይኸን ጊዜ ተነሳ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«አባትህን አቅርብልኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ደገምኩት፦

«አባትህን አቅርብልኝ እኮ ነው የምልህ!»

«ጋሼ… የት ነህ አሁን? ብቻህን ነህ?»

እዚህ ላይ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። የእኛን ወግ የማያውቅ ሰው ምን አለበት ይላል። ብቻህን ነህ ወይ ተብሎ የሚጠየቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። በጠዋት ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። ልጁ አባቱ ሞተዋል አላለኝም። ብቻህን ነህ ወይ አለኝ፤ በዚያው ነገረኝ።

«መቼ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እባክህ መጀመሪያ ሰው ጋ ሂድ።»

«መቼ ነው ያልኩህ!»

«ዛሬ ሃምሳ ሁለት ቀኑ።»

ሃምሳ ሁለት ቀን። ስምንት ኩንታል ገዝተናል የሚለው ከመጣ ሃምሳ ቀኑ ነው። ያ ሁሉ ልጄ ደህና ነህ ወይ፣ ያ ሁሉ ፎቶ፣ ምኩራብ ደጃፍ ያነበብኩት ሁሉ። ልጄ በሠራችው ሠንጠረዥ ላይ ዕቃ የሚልክልን ሰው ስም አጠገብ አረንጓዴ ምልክት አለ፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። አጎቴ አፈር ውስጥ ሆነው ሃምሳ ሁለት ቀን አረንጓዴ ነበሩ።

መኪናውን እንዴት ነድቼ ኦሺዮት እንደደረስኩ አላስታውስም። በሩን ስከፍት ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ልጁ ደውሎ ነግሯታል። ፊቷን ሳይ ሁለተኛው ነገር ገባኝ።

«ታውቂያለሽ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም» አለች።

«ልጅቷስ?»

«እሷም።»

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አጎቴ አንድ ቀን አመማቸው፣ በሁለተኛው ሞቱ። ልጃቸው እንደ ወጉ ለእኔ በቀጥታ ሊነግረኝ ስለማይችል ለእሷ ደወለ። እሷ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። ቤቱ መያዣ ተሰጥቷል፣ ጭነቱ ገና ሊገዛ ነው፣ በዓላቱ እየመጡ ነው፤ አሁን ብናረዳው ሐዘን ይቀመጣል፣ ሥራው ይፈርሳል፣ ቤቱ ይሄዳል። ዕቃው ከወደብ እስኪወጣ ይቆይ ተባለ። ልጁም አባቱ እንዳሉ ሆኖ ይጻፍለት ተባለ።

«ማነው ይጻፍለት ያለው?»

እጇን አገጣጠመች። «እኔ ነኝ» አለች። «ብዙ ጊዜ ትደውል ነበር። ልጄ ብለህ ጀምርለት፣ አጭር አድርገው አልኩት።»

ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ትንሽ በቀረው ትዳሬ ውስጥ ሴትየዋን መትቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አልመታኋትም። ግን አየኋት። ማን እንደሆነች የማላውቅ ሰው መስላኝ አየኋት። እሷም ስታየኝ አልሸሸችም። «ለቤትህ ብዬ ነው» አለች። እውነቷን ነው። የሚያሳብደውም እውነቷን መሆኑ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። ጋቢያቸውን ለብሰዋል። አራት ፎቅ በእግር ወጥተው ያለከልካሉ፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር።

«አውቄአለሁ፣ ግቡ» አልኳቸው።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ እንዳላወቅሁ ሆነው ጀመሩት። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጃችን፣ ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ ወደ አፈሩ ይመለሳል…» አሉ።

«ተነግሮኛል እኮ ነው የምላችሁ! ወደብ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ!»

«ቢሆንም ወጉ ይፈጸም» አሉ፣ ቀጠሉም። እስከ መጨረሻው ነገሩኝ። በዚያ ቁጣ ውስጥ ሆኜ፣ ወጉ ላይ ሲደርሱ፣ አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ያዙኝ። ካለቀስኩ በኋላ ነው የተናገርኩት።

«ለምን ደበቃችሁኝ?»

«በዚያን ጊዜ ብንነግርህ ምን ታደርግ ነበር?» አሉ ታላቁ።

«ጎንደር እሄድ ነበር።»

«አየህ! ሥራህን ጥለህ።»

«ሄጄ ጆንያውን እከፍተው ነበር!» አልኩ። «ልቅሶ ደርሼ፣ መጋዘኑ ገብቼ፣ በእጄ እሰነጥቀው ነበር! ልጁ መግዛት እንደማይችል በአንድ ቀን አውቅ ነበር! ሥራዬን እንዳልጥል ብላችሁ ሥራዬን ቀበራችሁት!»

ታላቁ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ መርዶን መደበቅ ሰው ያድናል እንጂ በርበሬ ያሻግታል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። «ይህንን አላየነውም» አሉ በመጨረሻ። «በእግዚአብሔር፣ ይህንን አላየነውም።»

እዚህ አገር ባለው የሃይማኖት ሕግ ለእናት ወንድም ሐዘን አይቀመጡም አሉኝ። ያሳደገኝ አባቴ ነው አልኩና ፍራሽ አውርጄ ሰባት ቀን ተቀመጥኩ። ቤቱ በሰው ሞላ። ልቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ከሁለት ወር በፊት ያውቅ የነበረ ሰው ነው፤ ዕንባውን አቆይቶ አሁን ያፈሳል። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲያለቅሱ የማስበው በዚያ መካከል ያገኘኋቸውን ቀን ነበር። ይቺ በመስከረም መጋዘኔ መጥታ በርበሬ ገዝታለች፣ ስቃለች። ይኼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አጎትህ እንዴት ናቸው ብሎኛል።

የአጎቴ ልጅ በየቀኑ ደወለ። በሦስተኛው ቀን አነሳሁት። አልሰረቀኝም፤ ይህን ለማረጋገጥ አንድ ጥያቄ በቃኝ።

«ዛላውን ሰንጥቀህ አየኸው?»

«አላየሁም ጋሼ። አባዬ ሆዱን ሲያይ እኔ ጆንያ ነበር የማስረው። ክረምት ነበር፣ ዋጋው በየቀኑ ይጨምራል፣ እናንተ ደግሞ ፎቶ ላክ ትሉኛላችሁ። ቀይ ቀዩን መርጬ ገዛሁ።»

ፎቶ ላክ ያልነው እኛ ነን። ፎቶ ሆድ አያሳይም። ይቅር አልኩት አልልም፤ ግን ስልኩን አልዘጋሁበትም።

በዚያው ቀን የትልቁ ድርጅት ገዢ ደወለ። ለቀስተኛው በሙሉ እጁን እያወዛወዘ አታንሳ፣ አታንሳ ይለኛል፤ ሐዘን ላይ ንግድ አይነገርም። ተነስቼ በረንዳ ወጣሁ። ሰውዬው ዕቃው እስከ ሰግድ ይደርሳል ወይስ አይደርስም፣ አሁኑኑ ማወቅ አለብኝ አለ። ከወደቡ ሰምቷል። ማባበል እችል ነበር። ከሌላ አስመጪ ተበድሬ ግማሹን እሞላለሁ ማለት እችል ነበር፤ ሰውም መክሮኝ ነበር። ግን በዚያ ሳምንት ለኔ ብሎ የሚዋሽ ሰው በጣም በዝቶብኝ ነበር።

«አይደርስም» አልኩት። «የሚገዛልኝ ሰው ሞቷል። ከሞተ ሃምሳ አምስት ቀኑ ነው። እኔ የሰማሁት ከሦስት ቀን በፊት ነው።»

«ምን ማለትህ ነው? አጎትህ አይደል እንዴ? ከእሱ ስልክ የመጣውን የግዢ ማስረጃ ስትልክልኝ ነበር እኮ።»

«ልጁ ነው የጻፈው። ደበቁኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ይደረጋል።»

ድምፁ ተለወጠ። «ስማኝ» አለ፣ «በሥራዬ ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ። ኮንቴይነር ሰጠመ ያለኝ ሰው አለ። ድርጅት እመራለሁ የሚል ሰው ግን ዕቃ አቅራቢው መሞቱን ሁለት ወር አላወቅሁም ሲለኝ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ቢያንስ ሊታመን የሚችል ውሸት ዋሽ።» ዘጋው። በማግስቱ ውሉ መፍረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ።

ያን ቀን ከምንም ነገር በላይ ያስደነገጠኝ ይኸ ነው። በዚያ ሰሞን ከሁሉም አፍ ከወጣው ቃል ሁሉ እውነቱ የእኔ ብቻ ነበር፤ ውሸት የተባለውም የእኔ ብቻ ነው።

በርበሬው ተቃጠለ። የማቃጠያውን ከፈልኩ። መጋዘኑ ውስጥ የሚያሽጉልኝን ሁለት ሴቶች አሰናበትኩ፤ አንዷ አልቅሳ ሄደች፣ አንዷ ሰድባኝ። ልጄ ኮምፒውተሩን ልታነሳው ስትል ተይው አልኳት፣ በደሉ የእሱ አይደለም። «አባ፣ አንድ ቃል ልንገርህ ነበር፣ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ። «ደርሶ ከነበር ለምን አልወጣም?» አልኳት። «ሁላችሁም በአማርኛ ዝም አላችሁ። እኔ በዕብራይስጥ እንዴት ልናገር?» አለች።

ሐኑካ ሳይደርስ ሄርዝል ጎዳና ያለው ባንክ ጠራኝ። ቤቱን ራሴ እንድሸጠው ጊዜ እንዲሰጡኝ ማመልከቻ መሙላት ነበረብኝ፤ እነሱ ከሸጡት በርካሽ ነው የሚሄደው። ባንክ ቤት የምታስተናግደኝ ሴት፣ ደግ ሴት ናት፣ «ልሙላልህ?» አለችኝ። እኔ እሞላለሁ አልኳት። ዕብራይስጡን ቀስ እያልኩ፣ ፊደል በፊደል ሞላሁ። ስም። አድራሻ። የድርጅቱ ዓይነት። ከዚያ፣ ክፍያው የተቋረጠበት ምክንያት የሚል ባዶ መስመር አለ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ዶላሩ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ጦርነቱ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ሁሉም ያን ዓመት የጻፈው ያንን ነው፣ ማንም አይጠይቅህም። «አጎቴ ሞተ» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «አዝናለሁ» አለች። ከዚያ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ «ግን እዚህ ጋ የገንዘቡን ምክንያት ነው የሚፈልጉት» አለችኝ።

«የገንዘቡ ምክንያት ነው» አልኳት።

አየችኝ። ማኅተሙን አነሳች፣ መታችበት፣ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። ቤቱ የዚያ ዓመት ብርድ ሳያልፍ ተሸጠ።